አዞው ያልመጣበት ተረት

ኩራት ኃጢአት ነው ይሉኛል፤ ይሁን። በዚህ መጽሐፍ ጉዳይ ግን ኩራቴን የሚቀንስብኝ ሰው አላየሁም።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ወላጆቼ ከደጋ መጥተው እዚህ ሲሰፍሩ እኔ ገና አልተወለድኩም። የአገሬውን ቋንቋ አኝዋኛን የተማርኩት ባሮ ዳር ውሃ ስንቀዳ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተሰዳደብኩ ነው። መጀመሪያ የማውቀው ስድቡን ብቻ ነበር፤ ጨዋው ቋንቋ በኋላ መጣ።

እኔ «መምህር» የምላቸው ሽማግሌ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናቸው፤ አኝዋ ናቸው። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ስድስት ደብተሮች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። በወጣትነታቸው፣ እናታቸው ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር በቆሎ እየፈለፈሉ ያወሩትን ተረት ቃል በቃል የጻፉበት ነው። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል።

«ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ። እነዚህ ከእኔ ጋር እንዲቀበሩ አልፈልግም» አሉኝ። «መጽሐፍ ይሁኑልኝ። በአንዱ ገጽ በእናቴ ቋንቋ፣ በሌላው ገጽ በአማርኛ።»

እንቢ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? እሺ አልኩ። በኋላ ነው በምን ገንዘብ ብዬ የደነገጥኩት።

ፈልጌ ፈልጌ፣ የቆዩ ጽሑፎችን ለሚያርምና ለሚተረጉም ሰው ድጋፍ የሚሰጥ አንድ የውጭ ተቋም ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። እኛ አገር ፕሮፖዛል ሲባል ሰው የሚታየው የውሃ ጉድጓድ፣ ድንኳን፣ ስደተኞች ወዳሉበት ኢታንግ የሚመላለሱት የእርዳታ ነጫጭ መኪኖች ናቸው። ርዕሰ መምህራችን እኩያዬ ነው፤ ሲሰማ በሳቅ ፈነዳ። «ለተረት? ኧረ አንቺ ሴትዮ! ለሽንት ቤት ብትጽፊ እኮ ይሻልሽ ነበር!» ደሜ ፈላ። «ሽንት ቤቱን አንተ ጻፍ፣ ተረቱን ለእኔ ተውልኝ» ብዬው ወጣሁ።

ማመልከቻው የትርጉም ናሙና ይጠይቅ ነበር። የመጀመሪያውን ደብተር የመጀመሪያ ተረት መረጥኩ። አንዲት ልጅ ውሃ ልትቀዳ ወደ ወንዝ ትወርዳለች፤ አዞው ይሰማትና ከጥልቁ ይነሳል። እኔ ነኝ ያለች የአማርኛ አስተማሪ፣ ቀዩን እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ። መምህር ተረቱን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ተቀምጠው ሲያዳምጡ የነበሩት ያሉትንም ሁሉ ጽፈውታል። አንዱ «ውሸት!» ይላል፤ አንዷ ውሃ አቀብሉኝ ትላለች፤ አንዱ ዶሮ ያባርራል። ይህ ሁሉ ከተረቱ ጋር ምን አገናኘው? ብዬ፣ የሚለውን በቅጡ ሳላስተውል እዚያው ደብተሩ ላይ አንድ በአንድ በቀይ ሰረዝኩት።

ስጨርስ ተረቱ ጎደሎ ሆኖ አገኘሁት። አዞው ከጥልቁ ተነሳ፣ መጣ መጣ ተባለ፤ ከዚያ የለም። ልጅቷ እንስራዋን ሞልታ በሰላም ቤቷ ገባች። እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። አራተኛው ደብተር ውስጥ ሌላ አዞ ወንዝ ዳር ደርሶ ከሰው ጋር የሚታገልበት ተረት ነበርና፣ እሱን ቆርጬ እዚህ ቀጠልኩት። እንዴት አማረ! በገዛ ጽሑፌ አለቀስኩ።

ከመምህር ጋር የያዝነው አሠራር ሌላ ነበር። እኔ የተረጎምኩትን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ እሳቸው ሳይሰሙት ምንም ነገር አይላክም። ነገር ግን ለዘመድ ለቅሶ ኢታንግ ሄደው ነበር፤ የማመልከቻው ቀን ደግሞ ደረሰ። ልኬው ተገላገልኩ።

ከወራት በኋላ መልስ መጣ። ድጋፉ ተፈቅዶልናል። ገምጋሚዎቹ በተለይ የአዞውን ትግል አድንቀውታል። ርዕሰ መምህሩ እንዲሰማ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ እልል አልኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በዚያው ፍጥነት መምህር ቤት ሄጄ ናሙናውን አነበብኩላቸው። አዞው ውሃውን ሰንጥቆ ብቅ ሲል ዓይናቸውን ገለጡ።

«መጣ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ፣ መጨረሻው ጎደሎ ስለነበር እኔ...»

ደብተሩን ከእጄ ወስደው ገለጡና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። መስመሩን በቀይ ሰርዤዋለሁ። «እማ፣ አዞውን አታምጪው» ይላል። ከሥሩ የእናታቸው መልስ አለ፤ እሱንም ሰርዤዋለሁ። «እሺ፣ አላመጣውም።»

«ታናሽ እህቴ ናት» አሉ። «አምስት ዓመቷ ነበር። በዚያው ክረምት ኩፍኝ ወሰደብን። ፎቶ የላትም፣ ልብስ የላትም፣ መቃብሯንም ውሃ ወስዶታል። የእሷ የሆነ ነገር ይቺ አንድ መስመር ናት።»

ያን ሁሉ ዓመት ተማሪ ስቀጣበት የኖርኩት ቀይ ቀለም አንዲት ሕፃን ላይ ተጋድሟል።

አስተማሪ መሆን ክፉ ነው፤ አሁንም መላ ልፈልግ ብዬ ቀባጠርኩ። «የግርጌ ማስታወሻ ላይ ብናስገባትስ?»

«ግርጌ አልነበረችም» አሉኝ። «እናቴ ጉልበት ላይ ነበር የተቀመጠችው። ድጋፉ ከቀረ ይቅር ልጄ። እናቴ ቃል ገብታላታለች።»

ያደነቁት ናሙና የእኔ ልብ ወለድ መሆኑን ለተቋሙ መጻፍ ነበረብኝ። ርዕሰ መምህሩ፣ መቼም ለእኔ አዝኖ ነው፣ «ዝም በይ፤ አኝዋኛውን እዚያ ማን ያነበዋል? አሁን ይህን ብትጽፊ ገንዘቡም መጽሐፉም ይቀራል» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ቀን ዝም ብዬ ነበር። የሽማግሌውን አንድ ዕድል በገዛ እጄ ላበላሸው ነው እያልኩ እበግን ነበር። በሦስተኛው ቀን ጻፍኩት። ምን እንደሰረዝኩ፣ ከየት ቆርጬ የት እንደቀጠልኩ፣ ያቺ ልጅ ማን እንደነበረች ሁሉንም አስገባሁ።

ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኬን እከፍታለሁ። መምህር መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፤ ስለ መልሱ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። ቢቆጡኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

መልሱ መጣ። ድጋፉን አልነሱንም። የአድማጮቹ ቃል ሁሉ ተመልሶ ይግባ፣ የገጹ ብዛት ግን ከተፈቀደው አይለፍ፣ ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱ ለውጥ ከነምክንያቱ ይገለጽ የሚል ነበር። አድማጮቹን ስንመልስ መጽሐፉ አበጠ። መምህር አንድ ተረት እናውጣ አሉ። እኔ ደግሞ ዓይኔ ረጅሙ መቅድሜ ላይ አረፈ። አቤት ያ መቅድም! ሰማይ የጠቀሰ አማርኛ ነበር፤ ዘመዶቼን ሁሉ በስልክ ያስደመጥኩት። አንጀቴ እያረረ አንድ ገጽ ብቻ አስቀርቼ ቀሪውን አወጣሁት። ተረቶቹ አንድም ሳይጎድሉ ገቡ።

ዓመት ሙሉ ቃል በቃል አነበብንና ታተመ። ካርቶኑን ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ የተቀበልኩት ራሴ ነኝ፤ ላግዝሽ ያለኝን ሁሉ እንቢ ብዬ ታቅፌው በቀጥታ መምህር ቤት ወሰድኩት። መምህር የራሳቸውን ቋንቋ ገጽ ገለጡ፤ እህታቸው ያለችበትን መስመር በአኝዋኛ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡት። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ አለቀስን፤ እኔ ግን እያለቀስኩም ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

የቀረው የመጨረሻው ሪፖርት ነው፤ እዚያው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሞላሁት። ቅጹ ላይ «ከናሙናው የወጣ ነገርና ምክንያቱ» የሚል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሞልቼው በተጨማሪ ወረቀት እቀጥል ነበር። «አዞው ወጥቷል። ምክንያት፦ ልጅቷ ስለፈራች» ብዬ ጻፍኩ።

ምን እንደጻፍኩ ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው።

«ትክክል ነው፤ ላኪው» አሉኝ።