የደናግሉን ታሪክ ልጽፍ ሄጄ

አዋሽ ያሉት ሲታውያን የሚባሉት የካቶሊክ ደናግል ገዳማቸው ሊዘጋ ነው፤ የቀሩት ሦስት አሮጊቶች ናቸው። እኔ ሰመራ ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ነኝና፣ የቤቱን ታሪክ አስተካክዬ እንድጽፍላቸው አስጠሩኝ። ደስ እያለኝ ሄድኩ። ደስታዬ ግን የክፋት ነበር፤ ሃያ ዓመት በሆዴ የያዝኩባቸውን ቂም በገዛ ወረቀታቸው ላይ ላፈርጠው ነበር።

ታላቅ እህቴ እዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት መንኩሳ ኖራለች። ወላጆቻችን ከከምባታ ለጥጥ ለቀማ ወደ አፋር የወረዱ ካቶሊኮች ናቸው። አባታችን ቀድሞ ሞተ፤ እናታችን ሰመራ በትንሿ ልጇ በእኔ ላይ ቀረች። ደናግሉ ከግቢ አይወጡም። ልንጠይቃት ስንሄድ እህቴ ከእንጨት ርብራብ ማዶ ተቀምጣ ታየናለች። እናቴ ስንመለስ እስከ ሚሌ ታለቅሳለች፣ እኔ ደግሞ አንጀቴ ያርራል። እሷ ስትዘምር እኔ ስኳር ያለባት አሮጊት ሳስታምም ወጣትነቴ ሊያልቅ ነው እላለሁ።

ከዚያ ጅቡቲ ድንበር ላይ ገላፊ ጉምሩክ ሥራ አገኘሁ። እናቴን ማን ይያዝልኝ? “እማዬ እያጣጣረች ነው፤ ካልደረስሽ አታገኚያትም” ብዬ ለእህቴ ጻፍኩላት። ውሸቴን ነው። እናቴ ያን ቀን ሽሮዋን ጥርግ አድርጋ በልታ ጎረቤት ሐሜት ሄዳ ነበር።

እመምኔቷ ፈቃድ እስኪመጣ ጠብቂ ቢሏት አልጠበቀችም፤ በለበሰችው ልብስ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ መጣች። እናታችንን በር ላይ ቁጭ ብላ ስታገኛት አጠገቧ ተቀመጠች። “ዓመት ብቻ ያዥልኝ” ብያት በሳምንቱ ገላፊ ሄድኩ። የተመለስኩት በዘጠነኛው ዓመት፣ ለእናቴ ቀብር ነው።

ለሰው ስናገር ግን እህቴ ወደ ገዳሟ ያልተመለሰችው በደናግሉ ጥፋት ነበር። ጨካኞች ናቸው፣ አንዴ የወጣችን በር ይዘጉባታል እል ነበር። ስደጋግመው እኔም አመንኩት።

አዋሽ ላይ ከሦስቱ አሮጊቶች አንዷ ሲስተር የቤቱን የውሎ መዝገብ ከፊቴ አስቀመጡ። በጸሎት ቤታቸው ወንበር የሚያዘው በምንኩስና ቅደም ተከተል ነው፤ አንዷ ስትሞት ወይም ስትወጣ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ወንበር ይጠጋሉ። እህቴ የወጣችበትን ቀን ፈልጌ አገኘሁ። “ማንም እንዳይጠጋ። ቦታዋ ይቆያት” ይላል። በዓመቱም ያው ነው። በሚቀጥለውም።

“ስንት ዓመት ጠበቃችኋት?” አልኳቸው።

“ስድስት። እመምኔታችን እስኪያርፉ” አሉ። “እኛማ ቦታሽ አለ እያልን እንልክባት ነበር፤ አልነገረችሽም?”

መዝገቡን ዘጋሁት። አንድ መስመር ሳልጽፍ ወጣሁ።

ሰመራ ስደርስ ቀጥታ እህቴ ቤት ገባሁ። የሰው ቀሚስ እየሰፋች ነበር።

“እትዬ፣ ስድስት ዓመት ቦታሽን ይዘውልሽ እንደነበር ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ” አለች መርፌዋን ሳትለቅ። “በየፋሲካው ሰው ይልኩብኝ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልተመለስሽም?”

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ እንኳን የላትም።

“እማዬን ለማን ትቼ? ዓመት ብቻ ብለሽኝ አልነበር? በየፋሲካው ዘንድሮ ትመጣለች እያልኩ አንቺን ስጠብቅ ነው” አለችኝ።