እንቁላል የያዘ ወንድ ዓሣ

ገበያነሽ ዝዋይ ዳር ተወልዳ፣ ዓሣ ስትበልት ያደገች ሴት ናት። ጉለሌ አግብታ መጥታ ባሏ ሲሞትባት፣ ቀበሌው ከቀጨኔ በታች ጅረቱን ጠልፎ ያስቆፈረውን የዓሣ ኩሬ እንድትጠብቅ ቀጠራት። ምላሷ እንደ ቢላዋዋ ስል ነበር፤ ለሹም ብሎ መደነዝ አያውቅም።

በ1976 ዓ.ም. ኩሬው መከነ። ትልልቆቹ ቆሮሶ የሚባሉት ዓሦች እንደ ጉድ ይርመሰመሳሉ፣ አንድ የዓሣ ጫጩት ግን የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መሸሻ ለማሰብ አልደከሙም፤ ጫጩቶቹን የሸጠች እሷ ናት አሉ። መቼም ጥፋት ሲገኝ ባለቤት የሚሆን ደሀ አይታጣም! እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ያኔ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ሕዝብ ፊት ቆሞ «አጥፍቻለሁ» እያለ ራሱን ይወቅስ ነበር፤ ግለ ሂስ ይሉታል። ካመነች ከሥራዋ ትባረራለች፣ ካላመነች ትታሰራለች።

«ግለ ሂስሽን አቅርቢ» አሏት።

«አላቀርብም!» አለችና ከባልዲዋ አንድ ቆሮሶ አወጣች። «ይኼ ወንድ ነው። እንኳን እኔ የዝዋይ ሕፃንም ይለየዋል።»

እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ከቃለ ጉባኤው አጠገብ ሆዱን ቀደደችው። ወንድ ዓሣ ሆዱ ውስጥ የሚይዘው ነጭ ዘር ብቻ ነው። የዚህኛው ግን በነጩ መሐል ቢጫ እንቁላል ተሰግስጎበታል። ሁለተኛውን ቀደደች፤ ያው። ሦስተኛውም ያው።

«ከኩሬው በላይ ያለው የክር ማቅለሚያ ፋብሪካ እጣቢውን ጅረቱ ላይ ከለቀቀ ወዲህ ነው እንዲህ የሆኑት። ወንዱ ወንድነቱ ጠፍቶበት ማን ያስረግዝ? ሌባ የሚሰርቀው የተወለደውን ነው፤ ያልተወለደ እንዴት ይሰረቃል?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ጓድ መሸሻ ጠረጴዛውን ደበደቡ።

«የመንግሥትን ፋብሪካ ስም ማጥፋት አሻጥር ነው!»

«እኔ ዓሣ ነው የቀደድኩት፣ ጓድ። ይልቅ ከኩሬው በታች ከዚሁ ጅረት የሚጠጣ ውሃ የሚቀዳው ማነው? የእርስዎ ቤት አይደለም?»

በዚህች ቃል ታሰረች። እሷ ግን አልቆጫትም፤ እንዲያውም ቀና ብላ ነው የሄደችው።

በሦስተኛው ቀን የሊቀመንበሩ ሚስት ብርቅነሽ የስምንት ወር ሆዷን ይዛ እስር ቤቱ ደጅ መጣች። በእጇ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥላለች። ዘበኛው ሊመልሳት ቢሞክር ገፍታው አለፈችና በመስኮቱ በኩል ጮክ ብላ ጠየቀች።

«ገበያነሽ፣ እህቴ፣ ከየት ልቅዳ?»