በሩ ዝቅ ያለ የወፍ ቤት

ቨርና ፓስኮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መጋዝ ያነሣችው በስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እስከዚያ ድረስ በእነሱ ቤት መጋዝ የወንድ ነበር። መጀመሪያ የአባቷ የሳይላስ፣ ቀጥሎ የታላቅ ወንድሟ የሊንድሴይ። ሁለቱም ባላራት ከተማ በምድር ባቡር ወርክሾፕ አናጢዎች ሆነው የፉርጎ በርና ወንበር ሲሠሩ ጸጉራቸውን አሸበቱ። እሷ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በሱፍ ፋብሪካ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ኖራ ጡረታ ወጣች። መዶሻ ያስያዛት ሰው አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ነገሩን ያመጣው የሊንድሴይ ሕመም ነው። ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ከትከሻው እስከ ጣቶቹ ጫፍ በድን ሆነ፤ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። አንደበቱ ተርፎለታል፣ ግን ቀስ ይላል። ሚስቱ ሜቭ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ቨርናም አላገባችም። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ እሷ መጣ፤ ሁለቱም ወደ ተወለዱበት የእንጨት ቤት። ጓሮ የሚያሳየውን፣ ዙሪያውን መስታወት የሆነውን በረንዳ ሰጠችው። እሱም ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ከቁርስ እስከ ራት ይቀመጣል። በባላራት ክረምት ከዚያ መስኮት የሚታየው ጭጋግና አንድ የሎሚ ዛፍ ነው።

«ምን ታያለህ?» ትለዋለች።

«ሎሚ» ይላታል። «ትናንትም ሎሚ ነበር።»

እ.ኤ.አ. በ1988፣ በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜ፣ ማርማላታ ልትሸጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሄደች። በአዳራሹ በሌላው ወገን የወፍ አርቢዎች ማኅበር ወፎቹን አሰልፎ ነበር። ቨርና ብልቃጦቿን እየደረደረች ሳለ ያንን ድምፅ ሰማችው። ጢጥ፣ ጢጥ ይላል፤ ከአፍንጫ የሚወጣ፣ ችኩል፣ ሁሉም በአንድ ላይ የሚናገሩበት። ብልቃጡን እንደያዘች ቆመች። ሄዳ አየቻቸው፤ ቀይ ምንቃር፣ ብርቱካንማ ጉንጭ፣ ጥቁርና ነጭ የተሰነተረ ጅራት፣ ከአውራ ጣቷ ብዙም የማይበልጡ። ዜብራ ፊንች ይሏቸዋል። እንዲህ ቀርባ ካየቻቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል።

አባቷ ጓሮ፣ አጥሩ ሥር፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት የወፍ ቤት ነበረው። ቅዳሜ ከሥራ መልስ ባልዲ ገልብጦ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፒፓውን ያጨሳል፤ አይናገርም። ሊንድሴይ አጠገቡ ቁጢጥ ይላል፤ ውኃ የሚቀይር፣ እህል የሚያበጥር እሱ ነው። ቨርና ከውጭ ሆና ጣቶቿን በሽቦው ቀዳዳ አስገብታ ታያቸዋለች። የእህል ገለባ፣ የደረቀ ሣርና የትምባሆ ሽታ ነበረው። ከሁሉም የሚበልጡት አንድ ጥንድ ቀስተ ደመና ፊንቾች ነበሩ። ራሳቸው ቀይ፣ ጀርባቸው አረንጓዴ፣ ደረታቸው ሐምራዊ፣ ሆዳቸው ቢጫ። ከሰሜን፣ ከሞቃቱ አገር፣ በመርከብና በባቡር ከሁለት ሳምንት በላይ ተጉዘው በሣጥን መጡ፤ እንዳይጠማቸው የተቆራረጠ ድንች ተደርጎላቸው። አባቷ ከጣቢያ ድረስ ሣጥኑን በካፖርቱ ሸፍኖ ተሸክሞ ሲገባ ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየችውም።

ወፎቹን የሚሸጠው ክላሪ ሆስኪን ቀይ ፊት ያለው፣ ወሬ የማይሰለቸው ሰው ነበር።

«ይወስዳሉ፣ ወይዘሪት ፓስኮ?»

«ማኖሪያ የለኝም።»

«ውጭ ከሆነ ይቅርብዎት፤ ይሄ ብርድ ይጨርሳቸዋል። ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ግድግዳ ተደግፎ ይሠራል። አናጢ ያውቃሉ?»

«ግማሽ አናጢ አለኝ» አለችው።

ቤት ስትገባ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ለወንድሟ ነገረችው።

«ሊን፣ የወፍ ቤት ልሠራ ነው። እዚህ፣ በረንዳው ላይ።»

«ማን?»

«እኔ።»

ሊንድሴይ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ በግማሽ ፊቱ። «ቨርና... የሥዕል መስቀያ ምስማር ስትመቺ... ግድግዳውን ለሁለት የከፈልሽ ሴት እኮ ነሽ።»

«አንተ ደግሞ አፍ ብቻ የቀረህ ሰው ነህ። እኔ እጅ አለኝ። ተደምረን አንድ አናጢ አንወጣም?»

በማግስቱ የሊንድሴይን የመሣሪያ ሣጥን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። ወፍራሙን ሞራሌና ቀጭኑን ሊስቴሎ የእንጨት ነጋዴ አመጣላት። በበረንዳው ጠባብ ወገን፣ ሦስቱ ጎን ሽቦ፣ አራተኛው የቤቱ ግድግዳ እንዲሆን ተስማሙ። ሊንድሴይ ከወንበሩ ሆኖ በግራ እጁ በምርኩዙ እየጠቆመ ያዛል።

«መጋዙን አትጫኚው። እሱ ይብላ። አንቺ... ምሪው ብቻ።»

«እየመራሁት ነው።»

«ወደ ሲድኒ እየመራሽው ነው። መስመሩ ወዲህ ነው።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት እንጨቶች አበላሸች። ሦስተኛው ተስተካከለ። በሁለተኛው ሳምንት ስኳድራ ይዛ ማዕዘን ስትለካ አፏን እንደ አባቷ ወደ አንድ ወገን ጠመም ታደርግ ጀመር፤ ሊንድሴይ አስተዋለ። የሽቦ ወንፊቱን ገና እንደመጣ እንጨቱ ላይ በምስማር ልትመታው ስትል ጮኸባት። አዲስ ሽቦ ላይ የሚቀረው ብናኝ ወፎቹ ሲቆነጥሩት ይመርዛቸዋል። በአቼቶና በብሩሽ አሻሸችው፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ዝናብ ላይ ተወችው። መቆሚያቸውን ከጎረቤት ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆረጠች፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ እግራቸው እንዳይደነዝዝ። ከሥር የሚሳብ የላሜራ ትሪ ሠራች። ጣቶቿ ቆሳሰሉ። ማታ ማታ እጇን በሞቀ ውኃ እየነከረች፣ ለምን ይህን ያህል ደስ እንደሚላት ራሷን ትጠይቅ ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ በሩ ላይ ደረሱ።

«በሩ... ከወገብሽ በታች ይሁን» አለ ሊንድሴይ።

«ለምን? እንደ ውሻ እየዳህኩ ልግባ?»

«የደነገጠ ወፍ... ወደ ላይ ነው የሚበረው። በሩ ዝቅ ካለ አያመልጥም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «የአባባ በር ረጅም ነበር።»

ቨርና እርሳሱን ጣውላው ላይ አስቀመጠች። ይህ ወሬ በመካከላቸው ተነሥቶ አያውቅም። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ሊንድሴይ አሥራ ሁለት። በአንድ የጥቅምት ቀን፣ አባታቸው ሥራ ላይ፣ እናታቸው ልብስ ስታጥብ፣ ቨርና መቀርቀሪያውን አነሣች። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ሊንድሴይ ውስጡ ልትቀመጥ። በሩን እንደከፈተች ወፎቹ ደነገጡ፤ በራሷ ላይ አልፈው እንደ ተበተነ እህል ሄዱ። ዜብራዎቹ አጥሩ ላይ አረፉ። ቀስተ ደመናዎቹ ግን ከጣሪያው በላይ ወጥተው አልተመለሱም። እሷ ሮጣ አልጋ ሥር ተደበቀች። ማታ አባታቸው «ማነው በሩን የከፈተው?» ሲል፣ ሊንድሴይ «እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ።

አባታቸው አልመታውም። ቢመታው ይሻል ነበር። «ከእንግዲህ እዚያ ቤት አትግባ» አለው፤ በቃ። ሊንድሴይም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዝ ይሄድ ጀመር። ራሱን ችሎ ቤት ሲይዝም አንድ ወፍ እንኳ አላስገባም። አባታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሞተ፤ ቨርና እውነቱን አልነገረችውም።

«ሊን» አለችው፣ «ያን ቀን ስለ እኔ ብለህ ያልከውን... አንድ ቀን እንኳ አመስግኜህ አላውቅም።»

«ስለ አንቺ... ምን?»

«በሩን። እኔ መክፈቴን እያወቅህ...»

ሊንድሴይ ዞሮ አያት። ግማሽ ፊቱ አልተንቀሳቀሰም፤ ግማሹ ነጣ።

«አንቺ ነበርሽ?»

«አታውቅም ነበር?»

«ጠዋት እህል የሰጠሁት... እኔ ነበርኩ። መቀርቀሪያውን የረሳሁ መስሎኝ ነው።»

«እኔ እኮ ልታድነኝ ብለህ...»

«ላድንሽ? ባውቅማ ኖሮ... ስምሽን ከጣሪያ ላይ ሆኜ እጠራው ነበር!» ምርኩዙን ወለሉ ላይ መታ። «ስልሳ ዓመት፣ ቨርና። የአጥሩን በር ሁለት ጊዜ ሳልነካ አድሬ አላውቅም። ወደ ወርክሾፕ ስንት ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ፤ መዝጊያ ረሳሁ ብዬ። ሜቭ እንኳ... ትስቅብኝ ነበር። ስልሳ ዓመት!»

ስልሳ ዓመት ውለታ ነው ብላ የያዘችው ለካ የእሱ ቁስል ነበር። እሱም ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሦስት ቀን አላናገራትም። ያቀረበችለትን የበግ ጥብስ ይበላል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ኩባያውን ያስቀምጣል፤ በቃ። ቨርና ሥራውን ልትተወው አስባ ነበር። ነገር ግን እንጨቱ እዚያው በረንዳው ላይ ቆሟል፤ መተላለፊያም ዘግቷል። እንባዋን እየዋጠች በጀርባው በኩል ብቻዋን ቀጠለች። በሩን ከወገቧ በታች ለክታ ቆረጠች፣ ገጠመች፣ ማጠፊያውን በቪቴ አሰረች። በአራተኛው ቀን ቆልፋ ልትሞክረው ስትል፣

«ተገልብጧል» የሚል ድምፅ ሰማች።

«ምኑ?»

«ማጠፊያው። በሩ ወደ ውጭ ሊከፈት ነው። ወደ ውስጥ ነው መከፈት ያለበት።»

ቨርና በጉልበቷ እንደተንበረከከች ቀረች። «ይቅር አልከኝ ማለት ነው?»

«ስለ ማጠፊያው ነው የማወራው።»

ማጠፊያውን ፈታ መልሳ ገጠመችው። ሻይ ቀዳችለት፤ አጠገቡ ተቀመጠች። ጓሮውን እያየ፣ «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ... አልናደድም» አላት። «የስልሳ ዘጠኟ ላይ ግን እናደዳለሁ።»

«ተናደድ፤ ይገባኛል።»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ወተት ጨምሪበት።»

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እንግዲያው እኔ አልረሳሁም ማለት ነው» አለ፤ ለእሷ ሳይሆን ለራሱ። ሁለት ጊዜ ደገመው።

ወፎቹ በመስከረም መጀመሪያ መጡ። ክላሪ ሆስኪን አራት ዜብራዎች በሣጥን ይዞ መጥቶ የወፍ ቤቱን ዙሪያውን አየ፤ እንጨቱን ነካካ፤ በሩን ከፍቶ ዘጋ።

«ማነው የሠራው?»

«እሷ» አለ ሊንድሴይ። «መጋዝ አያያዟን ካላየህ... ያምራል።»

ክላሪ ገብቶ ወፎቹን ከለቀቀ በኋላ መጀመሪያ የገባው ሊንድሴይ ነው። ያን ዝቅ ያለ በር ጎንበስ ብሎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ቨርና ከኋላ ቀበቶውን ይዛ፣ ክላሪ ከውስጥ እየሳበው፣ ሦስቱም እየሳቁና እየተሳደቡ፣ ውስጥ ባለች ትንሽ በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ወፎቹ ወደ ላይ በረው ጣሪያው ላይ ተለጠፉ። ክላሪ ሲወጣ ቨርና በሩን ዘግታ ከውጭ ቆመች። የወንድሟ ትከሻ ቀስ በቀስ ሲወርድ አየች፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ቁጢጥ ሲል እንደሚያደርገው።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ መግባት ልማዱ ሆነ። በጥቅምት አንድ ቀን አንዲት ሴት ወፍ የጎጆ ሣር በምንቃሯ ይዛ በድን እጁ ላይ አረፈች። ያ እጅ ከቶ አይንቀሳቀስምና እንደ ቅርንጫፍ ቆጥራው ይሆናል። እሱ አልተሰማውም።

«ሊን፣ እጅህ ላይ ናት» አለችው ቨርና በሹክሹክታ።

«የትኛው?»

«ቀኙ።»

ዝቅ ብሎ አያት። ዓይኑ እርጥብ ነበር። «ምን ያህል ትከብዳለች?» ብሎ ጠየቃት፤ እሷ የምታውቅ ይመስል።

በኅዳር ወር ውስጥ አምስት እንቁላል ተጣለ፤ አራቱ ተፈለፈሉ። ሊንድሴይ በግራ እጁ መጻፍ ተለማምዶ የተፈለፈሉበትን ቀን በደብተር እየያዘ፣ ለጫጩቶቹ ስም ያወጣ ጀመር፤ የወርክሾፕ አለቆቹን ስም፤ ከሁሉም ሆዳሙን ደግሞ «ቨርና» አለው። በዓመቱ ክላሪ በሰሜን ካለችው ከዳርዊን ከተማ ከአንድ አርቢ አንድ ጥንድ ቀስተ ደመና ፊንች አስመጣላቸው፤ በአውሮፕላን፣ በአንድ ቀን። ሊንድሴይ የአባቱ እንደሚበልጡ ተከራከረ፤ ቨርና ደግሞ እነዚህ ይበልጣሉ አለች። ሁለቱም አላሸነፉም።

አምስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ሊንድሴይ በእንቅልፉ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ክላሪ ሆስኪን ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ ወፎቹን ልውሰድልዎት ሲላት፣ አይሆንም አለችው። ያኔ ሰባ አራት ዓመቷ ነበር፤ ጉልበቷ በሩን እምቢ ማለት ጀምሯል። አንድ እጅ በሽቦው፣ አንድ እጅ በግድግዳው ተደግፋ፣ እያቃሰተች ትገባለች። በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ወፎቹም በላይዋ ያለማቋረጥ ይከራከራሉ። የትኛው የማን ልጅ እንደሆነ ደብተሩ ሳያስፈልጋት ታውቅ ነበር። የድሮ የፋብሪካ ጓደኞቿ ሊጠይቋት ሲመጡ ከሽቦው ውጭ ወንበር ታወጣላቸዋለች፤ እሷ ከውስጥ፣ እነሱ ከውጭ ሆነው ሻያቸውን ይጠጣሉ።