በዎንሳን ባሕር ዳር ያመለጠችኝ ቃል

ከልደታ

ከልደታ የወጣሁት በነሐሴ መባቻ፣ ዝናቡ የጌጃ ሰፈርን መንገድ ቦይ ባደረገበት ጠዋት ነው። የጉዞው ዓላማ ወረቀት ላይ ረጅም ነበር። ባጭሩ ግን ሰሜን ኮርያ ሄደን የኅብረት ሱቅ እንዴት እንደሚሠራ አይተን እንድንመለስ ነው። እኔ ሰንጋ ተራ የጨርቅ ሱቅ የነበረኝ ነጋዴ ነኝ። አብዮቱ ሲመጣ በዝባዥ ተባልኩ፤ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳር ፈልጎ የሚያመጣለት ሰው ሲያጣ ደግሞ ጓድ ተባልኩ። ሰውየው ያው ነው፣ የተቀየረው መጠሪያው ነው።

ችግሬ አንድ ነበር። አንድ ቤት የምንኖረው ታላቅ ወንድሜ ጋሽ በየነ በንጉሡ ጊዜ ኮርያ ዘምቷል። የተሰለፈው ከደቡቦቹ ጎን ነው፤ የተዋጋው እኔ አሁን እንግዳ ሆኜ የምሄድባቸውን ሰሜኖቹን ነው። ሁለት የእግር ጣቶቹን የዚያ አገር በረዶ አስቀርቶበታል። የጉዞው ቅጽ ላይ የቤተሰብ ሁኔታ የሚል ቦታ ነበር፤ "ወንድም፣ ጡረተኛ" ብዬ አለፍኩት። ውሸት አይደለም። ቢታወቅ ግን የእኔ ከጉዞ መቅረት ቀላሉ ነበር፤ ጋሼን ጠርተው "ማንን ስትወጋ ነበር?" ቢሉት ምን ሊመልስ ነው?

"እዚያ ስለ እኔ አፍህን እንዳትከፍት" አለኝ በር ላይ ቆሞ።

"ስለ አንተ ምን የሚወራ አለና ነው ጋሼ?"

"አፈኛ! በል ሂድ፣ ፓሊ ፓሊ! መኪናው ጥሎህ እንዳይሄድ።"

"ፓሊ ፓሊ" በእኛ ቤት ቶሎ ቶሎ ማለት ነው። ልጆቹ ይሏታል፣ ሠራተኛዋ ትላታለች፣ እኔም እላታለሁ።

መንገድ

ስድስት ነበርን። መሪያችን ከከፍተኛው የመጣ ጓድ ታደሰ የሚባል ካድሬ ነው፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ሲስቅ እንኳ ማስታወሻ የሚይዝ የሚመስል። ከአብነት ደግሞ የድሮ ወዳጄ ሙዘይን ነበር። ሙዘይን የቆርቆሮ ነጋዴ ነው፤ ዋጋ ሳይከራከር የገዛው ነገር ቢኖር የአውሮፕላን ቲኬቱ ብቻ ነው፣ እሱንም መንግሥት ስለከፈለ ነው።

በሞስኮ በኩል ዞረን ፒዮንግያንግ ገባን። ሦስት ቀን ፋብሪካና ሐውልት አሳዩን። በየማዕዱ ሥጋ ሲቀርብ ጓድ ታደሰ "ሆዴን አሞኛል" እያለ ሩዝና ጎመን ብቻ ይበላል። የመጀመሪያውን ቀን አዘንኩለት። በሦስተኛው ቀን ግን ገባኝ፤ ሕመሙ ፍልሰታ ነው። ሰውየው ስብሰባ ላይ ሃይማኖት የጭቆና መሣሪያ ነው ይላል፣ ጠረጴዛ ላይ ይጾማል። እኔም እየጾምኩ ስለነበር ዝም አልኩ። ሁለት ጿሚ ሆነን በአንድ የሆድ ሕመም ተዳደርን።

ከፒዮንግያንግ ወደ ዎንሳን በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ፈጀ። እዚህ አገር መንገድ ሠሪው ተራራ ሲገጥመው አይዞርም፣ ይበሳዋል። ከጨለማው ስንወጣ በቆሎ፣ ደግሞ ጨለማ፣ ደግሞ ሩዝ፤ በመጨረሻ ባሕር። አስተርጓሚያችን ጓድ ሃን አምሳ የተጠጋ ሰው ነው። አማርኛን ከመጽሐፍ ተምሮ እንደ ስብከት ያወርደዋል። "እነሆ ባሕሩ! ተመልከቱት ዘንድ እንውረድ" አለን። ሙዘይን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ይኼ ሰውዬ ቄስ ነው እንዴ?" አለኝ።

ዎንሳን

ስለ ዎንሳን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ የወደድኩትን ልናገር። አንደኛ ጥዱ ነው። ባሕሩ ዳር ድረስ ወርዶ አሸዋው ላይ ጥላ ይጥላል፤ እኛ ባሕር ዛፍ ብለን የተከልነው ባሕር አይቶ አያውቅም፣ እነሱ ጥድ ይሉታል፣ እግሩ ባሕር ውስጥ ነው። ሁለተኛ ዋናው። ዋና አልችልም፤ በአየር የተነፋ ጎማ ላይ አስቀምጠውኝ ስንሳፈፍ ጨዋማው ውሃ አፌ ገባ። ጨው በአሞሌ ሲሸጥ አይቼ አውቃለሁ፣ በብዛት ሲተኛ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቀዝቃዛ ፓስታቸውን ግን በበረዶ ውሃ ሲያቀርቡልን ሙዘይን "የትናንቱን ነው ያመጡልን" ብሎ አልነካም። እኔ ሥጋውን ወደ ዳር ገፍቼ ጨረስኩት።

ከሁሉ የወደድኩት ወደቡ አጠገብ ያለውን ገበያ ነው። ዓሣው በዓይነት ተደርድሯል። አጥንት የሌለው፣ እግሩ ከራሱ የሚበቅል የባሕር እንስሳም አለ፤ እንደ ታጠበ ሸሚዝ ገመድ ላይ አስጥተው ያደርቁታል። ሙዘይን ከደረቀው አንዱን አነሳና ሻጯን በጣት ምልክት ዋጋ ቀንሺ ይላት ጀመር። ሴትየዋ ግራ ገብቷት ጓድ ሃንን ታያለች።

"ዋጋው የተወሰነ ነው" አለ ጓድ ሃን።

"ማነው የወሰነው? እዚሁ ቆመን እንወስነው እንጂ!" አለ ሙዘይን።

"አንተ ሰውዬ፣ እሷ እኮ ባለቤት አይደለችም። በማን ገንዘብ ትቀንስልህ?" አልኩት።

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ይነፋል። ጓድ ታደሰ ሰዓቱን ያያል። ሙዘይን ግን ጣቱን እያጠፈ ይዘረጋል። ትዕግሥቴ አለቀና እንደ ቤቴ ጮኽኩ፤

"ሙዘይን! ኧረ ፓሊ ፓሊ!"

ሙዘይን አልተነቃነቀም። ሴትየዋ ግን ደንግጣ ዕቃውን በችኮላ መጠቅለል ጀመረች። ከኋላ ዓሣ የሚጭኑት ሁለት ሰዎችም ሣጥናቸውን አንስተው ሮጡ። ጓድ ሃን ወደ እኔ ዞሮ ቀጥ አለ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይቺ ቃል ቤታችን ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። የሰፈር ቋንቋ ትሁን የጣልያን ጠይቄ አላውቅም። ጋሼ ከኮርያ ያመጣው የጎደለ ጣት ብቻ መስሎኝ ነበር።

"ጓድ፣ ይቺን ቃል ከየት ተማሯት?" አለ ጓድ ታደሰ። ማስታወሻው ወጥቷል።

"ከጓድ ሃን ነዋ! ከመጣን ጀምሮ በእሷ አይደል የሚነዳን?" አልኩ። ይህ እንደማይበቃ ከዓይኑ አየሁና ጨመርኩለት፤ "ይልቅ የእርስዎ ሆድ እንዴት ዋለ? ማታ ሥጋ አለ ይላሉ። ወይስ እስከ ነሐሴ አሥራ ስድስት አይሻልዎትም?"

ጓድ ታደሰ ማስታወሻውን ኪሱ ከተተና "ባሕሩ ዛሬ ጸጥ ብሏል" አለ። ሞገዱ ድንጋዩን እየደበደበ ነበር።

የድንጋዩ መንገድ

ጓድ ታደሰን በጾሙ ያዝኩት፤ ጓድ ሃንን ግን የምይዝበት አልነበረኝም። ቃሏን አላስተማረኝም፣ ያንንም ያውቃል። ደግሞ በየቀኑ ስለ እኛ ሪፖርት ይጽፋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ጋሼ ቀበሌ ፊት ሲቆም ይታየኝ ነበር።

ጠዋት ጓድ ሃን ለብቻችን በእግር እንሂድ አለኝ። ዎንሳን ውስጥ ባሕሩን ሰንጥቆ ወደ ትንሽ ደሴት የሚወስድ የድንጋይ መንገድ አለ፤ ደሴቷ ላይ ለመርከቦች የሚያበራ ነጭ ግንብ ቆሟል። ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ዓሣ ያጠምዳሉ። ከእነሱ ራቅ ስንል ቆመ።

"ያቺን ቃል እኔ አላስተማርኩዎትም።"

ነጋዴ ቀድሞ ዋጋ አይጠራም።

"በዚህ በኩል ሕዝቡ 'ናሌ ናሌ' ነው የሚለው። እንደ እርስዎ አድርጋ፣ መጨረሻዋን ስባ የምትላት እናቴ ነበረች። አገሯ ደቡብ ነው። በጦርነቱ እኔ ወዲህ ቀረሁ፣ እሷ ወዲያ።" ይኼን ሲል የመጽሐፍ አማርኛው ጠፍቶበት ነበር። "እባክዎን፣ አንድ ጊዜ ይበሏት።"

"ፓሊ ፓሊ።"

አንገቱን ደፍቶ ሰማ። "ድገሙልኝ" አለ። ደገምኩለት። ሦስተኛም አስባለኝ።

"ያስተማረዎት ሰው በሕይወት አለ?"

"ሁለት ጣት ጎድሎት አለ" አልኩ። ለምን እንዳመንኩት አላውቅም።

"ስለ እሱ አልነገሩኝም። እኔም ስለ እናቴ አልነገርኩዎትም" አለና ወደ ከተማው ዞረ። ሪፖርቱ ላይ ምን እንደጻፈ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ግን የለም።

ልደታ

ቦሌ ስደርስ ሻንጣዬን እስከ ካልሲዬ ፈተሹት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኼን ነው፤ ሻንጣ ይፈተሻል፣ ቅጽ ይሞላል፣ አፍ ውስጥ ያለውን ግን ባለቤቱም አያውቀው።

ለጋሼ ሁሉንም በሹክሹክታ ነገርኩት። ሙዘይን የገዛልኝን ደረቅ የባሕር እንስሳ እያገላበጠ ሰማኝ።

"ስንቴ አስባለህ?"

"ሦስቴ።"

ቀኑን ሙሉ እንደ ተቀመጠ ዋለ።

በማግስቱ ወደ ኅብረት ሱቁ ስወጣ አርፍጄ ነበር። ጋሼ እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሞ አፉን ከፈተና ገታ አደረገው። መንገዱን ላይና ታች አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ፣ መጨረሻዋን ሳብ አድርጎ፣ "ፓሊ ፓሊ" አለኝ።

ፍጠን ማለቱ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ቀስ ብዬ ሄድኩ።