ደወሉ ያልጮኸ ለት

ታናሽ እህቴን ቤት ውስጥ «ቆይ» እንላታለን። ብይ ስትባል «ቆይ»፣ ተነሽ ስትባል «ቆይ»፣ ሊያገባት የጠየቃትን ሰውዬ እንኳ «ቆይ» እያለች አስረጅታዋለች። ሥራዋ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አፏ እንደ መቀሷ ነው ይሉኛል፣ ውሸትም የለው።

እናታችን ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ተኛች። ጣቷ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር አስረውላታል። ትንፋሿ ሲያንስ ከራስጌዋ ያለው ስክሪን ይቀላል፣ የነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ደወል ይጮኻል። ይህን የሚያዝዘውን ፕሮግራም የጻፈችው ቆይ ናት። እኔማ ከኩራቴ፣ ክፍሉ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት በመስኮቱ በኩል የተኙት ሽማግሌ ትንፋሽ አጥሯቸው ለጥቂት ነው የተረፉት። ተረኛዋ ነርስ አልመጣችም፤ አስታማሚ ጮሆ ነው የተደረሰላቸው። «ደወሉ አልጮኸም» ብላ ብትምል ማን ይስማት፣ ከሥራ አገዷት። «ተኝታ ነው እንጂ! የእህቴ ደወል ሙት ይቀሰቅሳል» ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። እንዲያውም ከሁሉ የጮኽኩት እኔ ነኝ።

እና ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁለታችን እናታችን አጠገብ ተቀምጠን ሳለ ስክሪኑ ቀላ። ደወሉን ጠበቅን። ጭጭ።

«ሲስተር! ኧረ ድረሱልን!» ብዬ ጮኽኩ። ዋናዋ ነርስ ሮጣ መጥታ ኦክስጅኑን ጨመረችላት፤ እናቴ ነፍሷ መለስ አለ። እኔም ወደ እህቴ ዞሬ «የታለ ደወልሽ?» ልላት ስል ፊቷ አመድ መስሏል። ኮምፒውተሯን ብድግ አድርጋ ኮሪደር ወጣች፣ ተከተልኳት።

ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታገላብጥ ስታገላብጥ ቆየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምንድን ነው? ንገሪኝ፣ ልቤን አታንጠልጥዪው!»

«ፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ክፍሎች አሉ። ክር እንላቸዋለን።»

«ክርማ የኔ ነው» አልኳት። አልሳቀችም።

«አንዱ ስክሪኑን ያቀላል፣ ሌላው ደወሉን ያስጮኻል። ሁለቱም ሲግናል፣ ማለት ‹ተነሱ› የሚል ምልክት፣ እስኪመጣላቸው ተኝተው ይጠብቃሉ። እኔ የሰጠኋቸው ሲግናል ግን አንዱን ቀስቅሶ የሚጠፋ ነው። ድሮ የሚጠብቀው ደወሉ ብቻ ስለነበር ችግር አልነበረውም። በኋላ ስክሪኑን ስጨምር እዚያው ሲግናል ላይ አስጠበቅኩት።»

«አንድ ሰው አስገብቶ በሩን የሚዘጋ ዘበኛ በይኛ።»

«አዎ። ሲግናሉ ስለሚደጋገም አብዛኛውን ጊዜ ለሁለቱም ይደርሳል፤ ስሞክረውም ይሠራ ነበር። አንዳንዴ ግን ስክሪኑ እየቀደመ ይወስደዋል። ደወሉ እንደተኛ ይቀራል።»

አለቃዋ ጋ ደወለች። ድምፁ እስከኔ ይሰማል፦ «ዝም ብለሽ አስተካክይ። ለማንም እንዳትተነፍሺ።» ስልኩን ዘጋች። እኔም፣ አፈር ልብላና፣ «ስሚው፣ እንጀራሽ ነው» አልኳት።

በበሩ በኩል ወደ መስኮቱ አልጋ አየች። ከዚያ ቀጥ ብላ ዋናዋ ነርስ ጋ ሄደች።

«ሲስተር፣ ደወሉን አትመኑት። ስህተቱ የኔ ነው።»

ሴትዮዋ ጠረጴዛውን ይዛ ቁጭ አለች። «ያቺ ያገድናት ልጅ...» ብላ ጀምራ ተወችው። ወዲያው ተነስታ እያንዳንዱ አልጋ ላይ ስክሪኑን የሚጠብቅ ሰው መደበች። የእናቴን ያዝኩ። እሷ ትተነፍሳለች፣ እኔ መተንፈስ ፈርቻለሁ። ቆይ ደግሞ ከግርጌዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትጽፋለች። ልጠይቃት ፈልጌ ዋጥኩት። በሕይወቴ ዝም ስል ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

«የየራሳቸውን ሲግናል ሰጠኋቸው» አለች በመጨረሻ። «እስኪ ጣቷ ላይ ያለውን አውጪው።»

አወጣሁት። ስክሪኑ ቀላ። ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ ዞርኩ።

ደወሉ ጮኸ! መልሰን አድርገን አወጣነው፣ ጮኸ። ደግመን ደጋግመን ሞከርነው፣ አንዴም አልሳተም። እናቴ ዓይኗን ገልጣ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሰው በሰላም እንኳ አይሙት?» አለች። እየሳቅኩ አለቀስኩ።

«ተመስገን፣ አለቀ» ብዬ እህቴን ላቅፋት ስል ገለል አለች። «አላለቀም» አለችና ከዋናዋ ነርስ የታገደችውን ልጅ ስልክ ጠየቀች።

«ነገ በወጉ ቢነገራት አይሻልም? ትንሽ ብትቆዪ» አለች ሴትዮዋ።

«አልቆይም።»

ስልኩ ብዙ ጠራ። እህቴ ከጆሮዋ አላነሳችውም። በስንት ጊዜው አንድ ቀጭን የሴት ድምፅ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ።

«አታውቂኝም» አለች እህቴ። «ደወሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን አልጮኸም ነበር።»

እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከዚያ ልጅቷ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀች «ብያቸው ነበር እኮ» አለች፣ «ብያቸው ነበር እኮ።»