የወታደሩ ግንባር

ወንድሜ ከዐረብ አገር ደውሎ "እትዬ፣ ወታደሬን ኮምቦልቻ ወስደሽ አስገምቺልኝ" ያለኝ ቀን ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋበት ምንም አልቀረኝም።

ወታደሩ አሻንጉሊት ነው። ቁመቱ ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ወንድሜ እዚሁ ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ፣ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ባለው ጌም ቤት ተጎልቶ ሲጫወተው ካደገው የጦርነት ጌም የወጣ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቶ ደመወዝ ማግኘት ሲጀምር መጀመሪያ የገዛው ጫማ አልነበረም፤ ይኼንኑ ነበር፣ ያውም ከውጭ በሰው አስመጥቶ። አገር ጥሎ ሲሄድም ቡፌው ላይ አቆመውና "ማንም እንዳይነካው፣ ስመጣ እንደነበረ ላግኘው" አለን። አሁን ደግሞ እዚያ እሱ ባለበት አገር እንዲህ ያለ አሻንጉሊት የሚሰበስብ ሰው አግኝቷል። ምንም ያልነካው ከሆነ ይገዛዋል፤ የሚያደርስ መንገደኛም ተዘጋጅቷል።

እኔን ያናደደኝ መሸጡ አይደለም። ልብሶቹን ለዘመድ ሰጥተናል፤ አልጋው ላይ የአክስቴ ልጅ ይተኛበታል። ይኼ ወታደር ከቡፌው ላይ ከተነሳ፣ እዚህ ቤት "ስመጣ" ብሎ ያስቀመጠው አንድም ነገር አይቀርም። ወንድሜ ናፍቆኛል። ቤት ውስጥ የሚያላግጥብኝ ሰው ናፍቆኛል። ይኼንን በስልክ መናገር ግን አልችልበትምና "እሺ" አልኩት፤ ድምፄ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር።

እናቴና ወታደሩ መጀመሪያ ላይ አልተስማሙም ነበር። "ምስል ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም" ብላ፣ መላእክት እንዳይሸሹን ስትጨነቅ ጎረቤታችን ሐጃ መፍትሔ አመጡላት፤ "ፊቱን በቢላ ፍቂውና ይቀመጥ፤ ፊት ከሌለው ምስል አይባልም" አሏት። እናቴ ቢላውን አነሳች፣ ወታደሩን አየት አደረገችው፣ ከዚያ ቢላውን መለሰች። "ኧረ ወላሂ አልችልም! ልጄ አደራ ያለኝን እንዴት ብዬ!" አለች። ከዚያ ወዲህ ለሶላት ስትነሳ በአሮጌ ሻሿ ቁራጭ ፊቱን ትሸፍነዋለች፤ ሰግዳ ስትጨርስ ትገልጥለታለች። እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ፣ እሷ "ሳቂ አንቺ፣ ሥራ የለሽም" ትለኛለች።

ልወስደው የተነሳሁ ለት በዚያችው ሻሽ ራሷ ጠቀለለችው። "ሊሄድ ነው?" አለችኝ።

"ለማስገመት ብቻ ነው እማ።"

"እንግዲያስ አላህ ያለው ይሆናል" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ የከተማችን ብርድ ወደ ኋላ ቀረ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤን አውልቄ ክንዴ ላይ አድርጌ ነበር። ገማቹ ጌም ቤት ያለው፣ ስልክም የሚጠግን ወጣት ነው። ወንድሜ ከፋብሪካ ሲወጣ እሱ ጋር ነበር የሚያመሸው። እጁን ታጥቦ፣ ጠረጴዛው ላይ ንጹህ ጨርቅ አንጥፎ ወታደሩን አስተኛው። የጫማውን ሶል ገልብጦ የፋብሪካውን ምልክት አየና "ኦሪጅናል ነው" አለ። መሣሪያውን ከእጁ አወጣ፣ መለሰ። ክርኑን አጠፈ፣ ዘረጋ። ጉልበቱ ላይ ሲደርስ የስልክ መጠገኛ መነጽሩን አደረገና በመርፌ አንዲት ነገር ጎርጉሮ አወጣ።

"እህቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ጤፍ ነው" አልኩት። በጦርነቱ ጊዜ ከተማው በተጨነቀበት ሰሞን እናቴ "በእኛ ቤት ወታደር ተገኘ እንዳይባል" ብላ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብራው እንደነበር ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ። ጤፍ ምንም አይልም፣ ተጠርጎ ይወጣል አለኝ።

ከዚያ የራስ ቁሩን አነሳና ሳቁ ቆመ። "የሙስሊም ቤት ነው አይደል? ፊቱን ፍቃችሁታል።"

"ማንም አልፋቀውም!" ብዬ ጮህኩበት። ለጨዋታ የመጡት ልጆች ሁሉ ዞር አሉ።

እሱ አልተቀየመኝም። በሩ ላይ ወጥቶ በፀሐዩ ብርሃን አገላብጦ አየው። "ልክ ነሽ። ቢላ ቢሆን ጭረት ይተው ነበር። ይኼ በጣት ንክኪ ብዛት ያለቀ ነው። ጉንጩ ደህና ነው፣ አገጩ ደህና ነው። ግንባሩ ላይ ብቻ ነው ቀለሙ የጠፋው። እንዲህ ሆኖ ሰብሳቢ አይወስደውም።"

ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ሐረጎን ስንወጣ ግን ያ ጣት የማን እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ፤ ማሰብም አያስፈልገው ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ የአስርን ሶላት ሰግዳ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጥቅሉን ተቀብላ ፈታችው።

"እማ፣ ግንባሩን ትነኪዋለሽ?"

"ስገልጥለት ቆቡን ከፍ አድርጌ ዳበስ አደርገዋለሁ። ምነው፣ ተበላሸ?"

"ለምን ግንባሩን?"

"ያ ልጅ ኮምቦልቻ ሲሠራ ወባ በያዘው ቁጥር እዚህ መጥቶ አልነበር የሚተኛ? ግንባሩን ነክቼ ነበር የማውቅለት። አሁን በጠየቅሁት ቁጥር 'ደህና ነኝ እማ' ነው መልሱ። በስልክ ትኩሳት አይታወቅ።"

ወንድሜ ያኔውኑ በቪዲዮ ደወለ። ራቅ ብዬ፣ ወታደሩ ግንባሩ አልቋል፣ አይሸጥም፣ ያደረገችውም እማ ናት፣ በእንዲህ ምክንያት ነው ብዬ ነገርኩት። ስለ ቀለሙ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ።

"በየሶላቱ?" አለኝ።

"በየሶላቱ።"

"በቃ፣ ቡፌው ላይ መልሽው። እማን ስጪኝ።"

ስልኩን ያዝኩላት። "እማ፣ ይኸው" አለና ግንባሩን ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ አስጠጋው። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ እስከዚያች ቀን አላስተዋልኩም ነበር። እናቴ "ቢስሚላህ" ብላ የእጇን ጀርባ መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ቆየች።

"ይሞቃል" አለች ወደኔ ዞራ። ድምጿ ተለውጦ ነበር። "ልጄ ያተኩሰዋል። አንተ ልጅ፣ ተነስተህ ወደ ቤትህ ና!"

የሞቀው ስልኩ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ወንድሜም አላረማትም። ግንባሩን እዚያው እንዳስጠጋ ነበር።