ኪሳቸው

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ከከይሪያ ጎን የተቀመጡት ሴትዮ ሰማያዊ ጋውን ለብሰዋል። ጥፍራቸው ሥር አፈር አለ። ከይሪያ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኪስ ስትሰፋ ነው የምትውለው፤ ስለዚህ ዓይኗ ኪሳቸው ላይ ቀረ። ሦስት ጊዜ ተተርትሮ፣ በየጊዜው ሰፋ ተደርጎ እንደገና የተሰፋ ኪስ ነው።

ውሃዋን ጨርሳ ባዶውን ሃይላንድ በመስኮት ልትወረውር ስትል መዳፋቸውን ዘረጉላት።

«ለእኔ ስጭኝ የኔ ዓለም።»

«ምን ያደርግልዎታል እናቴ?»

«ችግኝ እናፈላበታለን። የሕፃናት መምህር ነኝ።» ጎንበስ ብለው ከወንበሩ ሥር የወደቀ የከረሜላ ላስቲክም አነሱና ሁለቱንም ኪሳቸው ከተቱ። «ጠዋት ጠዋት እኔ ጥፍራቸውን አያለሁ፤ እነሱ ደግሞ ከመንገድ ምን እንዳነሳሁ ኪሴን ይፈትሻሉ። ባዶ ከሆነማ ጉዴ ፈላ! ‹ቲቸር፣ ዛሬ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው እንዴ የመጣሽው?› ይሉኛል።»

«ወላሂ፣ ዳኞች ናቸው!» ብላ ሳቀች ከይሪያ።

«ይሁኑ እንጂ! እኔ ጡረታ ስወጣ መንገዱ ዳኛ እንዳያጣ።»

ከይሪያ ፒያሳ ስትወርድ ቀሚሷን ዳሰሰች። ስንቱን ኪስ ሰፍታ የእሷ ቀሚስ ኪስ የለውም። ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ የፈለገችው መርፌና ክር ነበር።